የአባት ቢላዋ ለሣጥን ነውን ወይስ ለማዕድ?



በክርስቲያን ቤት ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ሲሰሟቸው ትንንሽ ይመስላሉ፤ ጠልቀው በመረመሯቸው ጊዜ ግን የቤተሰብን ፍቅር፥ የወላጅን መታሰቢያና የልጅን ግዴታ የሚነኩ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገርም እንዲህ ያለ ነው፤ ይኸውም ከአባት የተወረሱ ወይም በገንዘብ ተገዝተው የተሰበሰቡ ቢላዋዎች፥ ካራዎችና ሰንጢዎች በሥራ ሊያገለግሉ ይገባቸዋልን? ወይስ ተሸፍነውና ተቈልፎባቸው ሊቀመጡ ይገባል? የሚለው ነው።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በቅርብ ከምናውቀው ቤት የሆነውን እንተርክ። የቤቱ አባት ባረፉ ጊዜ ሰባት ቢላዋዎች ትተው ነበር። ከእነዚህም አንዱ እጀታው ከበሬ ቀንድ የተሠራ፥ የአገራችን ብረት ሠሪ ቀጥቅጦ ያወጣው ካራ ነበር። በየወሩ በ12 ቀን የሚጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራው ወደዚያ ቤት በደረሰ ቍጥር፥ ካህኑ ድፎውን ባርከው የሚቈርሱት በዚህ ካራ ነበር። የበኵር ልጃቸው አባቱን እጅግ ይወድ ነበርና ሰባቱንም ሰበሰበ፤ እርሱ ራሱ ከየገበያው የገዛቸውን ሌሎች ደግሞ ጨምሮ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ደረደራቸው። የማኅበሩን ካራ ግን ከሁሉ አብልጦ ስላከበረው በቆዳ አፎቱ እንዳለ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር አኖረው፤ ቍልፉንም በኪሱ ያዘ።

የማኅበሩ ተራ በደረሰ ጊዜ እናቲቱ ካራውን ጠየቁ። ልጁም፥ «እማዬ፥ እርሱ የአባባ መታሰቢያ ነው፤ በሥራ ብዛት እንዳያልቅብን ይቀመጥ። ለዳቦው የማይዝግ አዲስ ቢላዋ ገዝቼልሻለሁ» አላቸው። እርሳቸው ምንም አልመለሱም፤ ዳቦውም በአዲሱ ቢላዋ ተቈረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ካራውን ዳግመኛ አልጠየቁም፤ ስለ ባላቸውም በማኅበርተኞች መካከል እንደ ቀድሞው መጫወትን ተዉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ ካራውን ለአንድ ዘመዱ ሊያሳይ ቢመዝዘው ከአፎቱ አልወጣ አለው። በግድ ባወጣውም ጊዜ ስለቱ በቀይ ዝገት ተበልቶ፥ የቀንዱም እጀታ በብል ተቦርቡሮ አገኘው። ከአርባ ዓመት በላይ በሥራ ሲደክም ያልተበላሸው ዕቃ በጥቂት ዓመት ዕረፍት ተበላሸ።

ልጁ የተሳሳተው ፍቅር አንሶት አይደለም፤ የብረትን ጠባይ ባለማወቁ ነው። ብረት የሚዝገው እርጥበትና አየር ሲገናኙበት ነው። ቆዳ ደግሞ እርጥበትን ከአየር ስቦ ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ጨውና ልዩ ልዩ ቅመምም በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ አፎት ስለትን ለመንገድ እንጂ ለብዙ ዘመን መኝታ የተሠራ አይደለም። ቀንድም የሱፍ ልብስን የሚበላው ነፍሳት የሚመገበው ነገር ነው። ጌታችን በምድር ላይ ስለሚከማች መዝገብ ሲያስተምር ብልንና ዝገትን አንድነት መጥራቱ (ማቴ. 6፥19) በዚያች አንዲት ካራ ላይ ቃል በቃል ተፈጸመ፤ እጀታውን ብል፥ ስለቱን ዝገት ተካፈሉት።

በየቀኑ የሚሠራበት ቢላዋ ግን ይታጠባል፥ ይደርቃል፥ ይሳላል፥ ይታያል። የጀመረው ዝገት ሥር ሳይሰድ ይታወቃል። ሽንኵርትና ሎሚ፥ ሥጋና ቲማቲም የሚነካው የጥንቱ ዓይነት ብረት እየዋለ ሲያድር ግራጫ የሆነ ጥቍረት ያወጣል፤ ይህ ጥቍረት እንደ ቀዩ ዝገት ብረቱን እየፈረፈረ የሚበላ አይደለም፤ ይልቁንም በጥቂቱ ይጋርደዋል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ እድፍ ቈጥረው በአሸዋ ሲፈትጉት ይታያሉ፤ ባይነኩት ይሻል ነበር።

ይሁን እንጂ የልጁ ፍርሃት ከንቱ ነበር አንልም። ቢላዋ በተሳለ ቍጥር ከአካሉ ጥቂት ይቀነሳል። አያቶቻችን የተጠቀሙባቸው ቢላዋዎች ስለታቸው እየጠበበ ሄዶ እንደ ወረንጦ ቀጥነው የምናያቸው ስለዚህ ነው። የሚሠራበት ዕቃ አንድ ቀን ያልቃል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ጥያቄው እንግዲህ ከማለቁ በፊት ስለ ምን ሥራ አለቀ? የሚለው ይሆናል።

ቅዱስ መጽሐፍን በጠየቅን ጊዜ ጠብቁ ብቻ ወይም ተጠቀሙ ብቻ የሚል መልስ አናገኝም፤ ሁለቱንም እያንዳንዱን በጊዜው ያሳየናል። እስራኤል በምድረ በዳ መናን በበሉ ጊዜ አንዳንዶቹ ለነገ ብለው ያስቀሩት ተልቶ ሸተተ (ዘፀ. 16፥20)። ያው መና ግን በእግዚአብሔር ትእዛዝ በመሶብ ተደርጎ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ እንዲሆን ተጠበቀ (ዘፀ. 16፥33)። ሁለቱ መና አንድ ናቸው፤ የለያቸው የመቀመጣቸው ምክንያት ነው። አንዱ ከሥሥትና ከፍርሃት የተነሣ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ልጆች እንዲማሩበት ተቀመጠ።

የጎልያድም ሰይፍ እንዲሁ ነው። ዳዊት ግዙፉን ካሸነፈ በኋላ ያ ሰይፍ በኖብ በካህኑ በአቢሜሌክ ዘንድ በልብስ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በስተኋላ ተቀምጦ ነበር። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ባዶ እጁን በመጣ ጊዜ ግን ካህኑ መታሰቢያ ነው ብሎ አልከለከለውም፤ አውጥቶ ሰጠው (1 ሳሙ. 21፥9)። ተጠብቆ የኖረው ዕቃ በችግር ቀን አገለገለ። በአንጻሩ ደግሞ ሙሴ የሰቀለው የናስ እባብ መዳን የተገኘበት ሆኖ ሳለ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ያጥኑለት ጀመርና ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2 ነገ. 18፥4)። መታሰቢያ ያስታውስበት ዘንድ የተሰጠውን ነገር ማስታወሱን ትቶ ራሱ የሚከበር ሲሆን እንዴት ያለ አደጋ እንደሚያመጣ ከዚህ እንረዳለን።

ቤተ ክርስቲያናችንም ቅርስን በመጠበቅ የታወቀች ናት፤ በአክሱም ጽዮን ዕቃ ቤት የነገሥታት ዘውዶች ተጠብቀው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ መጠበቅ ከአገልግሎት መለየት እንዳልሆነ የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል ያስረዳል። ይህ መስቀል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፥ በቤልጂግ አገር በአንድ የቅርስ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በሰብሳቢው ቤት ሳለ የጥንት ዕቃ ነበር፤ በላሊበላ ግን ካህናት ሕዝቡን የሚባርኩበት፥ ሕሙማን የሚዳሰሱበት መስቀል ነው። ብረቱ ያው ሲሆን በአንዱ ቤት ዝም አለ፤ በሌላው ቤት ያገለግላል።

ስለ ብረት ከተናገርን ስለ ሠሪው ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን በስድብ ሲዋረድ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስለዚህ ነው። እኛ ዛሬ የዚያን የተናቀ ሰው የእጅ ሥራ በመስታወት ውስጥ አድርገን ስናደንቅ ስሙን እንኳ አናውቅም። ቢላዋ የሚሠራው እንዲቈርጥ ነው፤ ሠሪውም የሚከበረው ሥራው ባገለገለ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለሚለው፥ በእኛ አስተያየት በቤቱ ብዙ ቢላዋ ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ገበታ ላይ ዘርግቶ በሦስት ክፍል ቢለያቸው መልካም ነው።

መጀመሪያው ክፍል ሥራ ያላቸው ናቸው። የማኅበሩን ዳቦ የሚቈርሰው፥ በበዓል ቀን በስመ ሥላሴ የሚታረድበት፥ ባለሙያ እናት የጾሙን ከፍስኩ ለይታ የምትከትፍባቸው፤ እነዚህ በጓዳ ይኑሩ። ከተሠራባቸው በኋላ ሳያድሩ ታጥበው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለቱ ያልተሳለ ብረት የሚሠራበትን ሰው ኀይል እንደሚያባክን አስተምሯልና (መክ. 10፥10) በየጊዜው ይሳሉ። ዱልዱም ቢላዋ ያለ ልክ ስለሚገፋ ከተሳለው ይልቅ እጅን ያቈስላል።

ሁለተኛው ክፍል ታሪክ እንጂ ሥራ የሌላቸው ናቸው። አያት በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ የታጠቀው ጎራዴ፥ ወይም ከማለቁ የተነሣ ስለቱ ሊሰበር የደረሰ አሮጌ ካራ በዚህ ይቈጠራሉ። እነዚህ ይቀመጡ፤ ነገር ግን በእውነት ይጠበቁ። ከአፎታቸው ተለይተው፥ በስሱ ዘይት ተቀብተው፥ በደረቅ ቦታና ሕፃናት በማይደርሱበት ይኑሩ። ቅቤ ውሃ ስላለበትና ስለሚሻግት ለዚህ አይሆንም። የእጅ ላብ ጨው አለበትና ስለቱን በጣት መዳሰስ አይገባም። በየሦስት ወሩ ቢታዩ ጥፋቱ ሳይገፋ ይደረስበታል። ከሁሉ በላይ ግን ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ ያዘው፥ ምን እንደ ተደረገበት በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ። ታሪኩ ያልተጻፈለት ጎራዴ በሦስተኛው ትውልድ ቍራጭ ብረት ይሆናልና።

ሦስተኛው ክፍል ሥራም ታሪክም የሌላቸው፥ ዓይን አይቶ ልብ ስለ ወደዳቸው ብቻ የተገዙ ናቸው። መልካም ነገርን መውደድ ኀጢአት አይደለም። ሆኖም ዮሐንስ መጥምቅ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ማስተማሩን (ሉቃ. 3፥11) የምናምን ሰዎች፥ አሥራ አምስት ቢላዋ በመስታወት ደርድረን ሳለ ጎረቤታችን ያለች ባልቴት በተሰበረ ቢላዋ ጎመን ስትከትፍ ማየት አይገባንም። አዲስ ጎጆ ለሚወጡ ሙሽሮችም ከዚህ የተሻለ ስጦታ ምን አለ?

ልጁ ለእናቱ ስለ ገዛላቸው ስለ ማይዝገው ቢላዋም አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ብረት የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈሙዝ የማይበላ ብረት ሲፈልግ ነው። ክሮሚየም የተባለውን ማዕድን በብዛት የጨመረበት ብረት አሲድ እንደማይበግረው ባየ ጊዜ ለገበታ ቢላዋ እንደሚሆን ተረዳ። ለጦር መሣሪያ የታሰበው ነገር ለማዕድ ዋለ፤ ኢሳይያስም ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር (ኢሳ. 2፥4)። ስለዚህ አዲሱን ቢላዋ አንነቅፈውም፤ ለዕለት ሥራ የተመቸ ነው። ነገር ግን አዲስ ቢላዋ ዳቦ ይቈርሳል እንጂ አባትን አያስታውስም።

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። ልጁ የዛገውን ካራ ይዞ ወደ ነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደና ያዘነበትን ነገር ነገራቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ካራውን ለእኔ ከምታሳየኝ ይልቅ መጀመሪያ ለእናትህ አሳያቸው» አሉት። እርሱም እንደ ተባለው አደረገ፤ እናቲቱ ዝገቱን አይተው አልተቈጡም። ብረት ሠሪ አስፈልገው ዝገቱን አስፋቁ፤ የዝገቱ ጕድጓድ ከስለቱ ላይ ፈጽሞ ባይጠፋም እጀታው በወይራ እንጨት ታደሰ፤ ስለቱም ተሳለ።

በሚቀጥለው ተራቸው ካህኑ በዚያ ካራ ድፎውን ባርከው በቈረሱ ጊዜ፥ እናቲቱ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ስለ ባላቸው መናገር ጀመሩ። ካራውን የገዙት በተጋቡበት ዓመት፥ ከመጀመሪያው መከራቸው አንድ ቍና ጤፍ ሸጠው እንደ ሆነ፤ በዚያም ቀን ለሚካኤል ዝክር ሊዘክሩ እንደ ተሳሉ፤ ካራውም ለዚያ ስእለት እንደ ተገዛ ተናገሩ። ልጁ ስለ አባቱ ቢላዋዎች ለእንግዶች ብዙ ይተርክ ነበር፤ ይህን ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ካራው ተቈልፎበት በኖረባቸው ዓመታት የተቈለፈው ብረቱ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ፥ ወዳጆቼ፥ በየቤታችሁ ያለውን ሣጥን ዛሬ ክፈቱ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ ጠይቋቸው። ሊያገለግል የሚችለው ያገልግል፤ ሊያርፍ የሚገባው በንጽሕና ይረፍ፤ የተረፈው ለሌለው ይሰጥ። አባቶቻችንን በማዕዳችን እንድናስታውስ፥ ማዕዳችንንም ከድኾች ጋር እንድንካፈል አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።