የሴሊና ልጅ

ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቅ አንድ መንገደኛ የተሳፈረበት አውሮፕላን አቅጣጫ ቀይሮ ያላሰበው ኤርፖርት ያወርደዋል። የሆነውን የሚያስረዳው ሰው ቢያጣ ተናደደ፣ ጮኸ። ጩኸቱን እንደ ዕብደት ቆጠሩበትና ኒው ጀርሲ ውስጥ ትሬንተን ከተማ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት። ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ ተገኝቶ ከቤተሰቡ እስኪያገናኘው ድረስ ቀናት አለፉ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ካነበቡት አንዷ በ1972 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የገባችው ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ወላጆች ልጅ፣ ሶንያ ሶቶማዮር ነበረች። ነገሩን በግለ ታሪኳ ተርካዋለች።

ሌላው ሰው «ወይ ጉድ!» ብሎ ገጹን ይገልጣል። እሷ ብታጣራ ሆስፒታሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተኙ፣ ግን የሚያናግራቸው የሌለ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሕሙማን አሉ። የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ተማሪዎችን ማኅበር አስተባብራ ጓደኞቿን በተራ መላክ ጀመረች። ያስተረጉማሉ፣ አብረው ተቀምጠው ያወራሉ፣ በዓል ሲደርስ ድግስ ይደግሳሉ።

ስለዚህች ሴት ሲወራ ግን የሚቀድመው ሌላው ነው። በ1976 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች፤ ዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠውን ትልቁን ክብር፣ የፓይን ሽልማትን ወሰደች፤ በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ አጭተዋት የመጀመሪያዋ ላቲና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነች። ከዚያ «ከብሮንክስ የመንግሥት ኪራይ ቤት ተነስታ በራሷ ጥረት…» ይከተላል። እኔ ይቺ «በራሷ ጥረት» አትዋጥልኝም።

ጥረቷንማ ማን ይክዳል? የ7 ዓመት ልጅ ሳለች ስኳር ተገኘባት። መርፌውን ማን ይውጋት በሚለው አባትና እናት ሲጨቃጨቁ ሰምታ ራሷ ለመውጋት ወሰነች። እናቷ ሥራውን አሳዩዋት። ትንሿ ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ክብሪት ጭራ ምድጃውን ታቀጣጥልና መርፌዋን ትቀቅላለች። ኮሌጅ ገብታ የመጀመሪያው የታሪክ ጽሑፏ «ሲ» ሲያመጣም እንደዚሁ ነበር፤ በየክረምቱ የሰዋስው መጻሕፍት ይዛ ቁጭ አለች።

ነገር ግን ከዚያ ወንበር ጀርባ ያሉት እናቷ ሴሊና ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የሴቶች ክፍልን ተቀላቅለው ከፖርቶ ሪኮ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሶንያ ገና 9 ዓመቷ ነበር። ሁለት ልጅ በረዳት ነርስ ደመወዝ እያሳደጉ ኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካን ሙሉውን ገዙ። ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ደግሞ እሳቸውም ኮሌጅ ገብተው ሙሉ ነርስ ለመሆን ተማሩ። ጎረቤት ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲኖረው፣ መርፌ የሚወጋለት ሲያጣ፣ የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነበር። ማንም አልከፈላቸውም፤ «በጎ ፈቃድ» ብሎ የመዘገበውም የለም።

ጓደኞቿን ወደ ትሬንተን ያሰማራችው የዚህ ቤት ልጅ ናት። ዛሬ የኮሌጅ ማመልከቻ ለማሳመር በሰዓት እየተቆጠረ የሚሠራውን «አገልግሎት» ሳይ ልዩነቱ ይታየኛል። ደግሞ የሶንያ ሥራ ማጽናናት ብቻ አልነበረም። በ1974 ማኅበሯ ዩኒቨርሲቲው የላቲኖ መምህራንና ኃላፊዎችን አይቀጥርም ብሎ ለፌዴራሉ መንግሥት አቤት አለ። ብዙም ሳይቆይ ፕሪንስተን የመጀመሪያውን የላቲኖ አስተዳዳሪ ቀጠረ። ያን ያህል ትልቅ ስም ያለው ተቋም ነፃ ትምህርት የሰጣት ተማሪ ደፍራ ክስ ማቅረቧ ቀላል አይደለም፤ የእኛ ወላጆች ቢሆኑ «አርፈሽ ተማሪ» ይሏት ነበር።

የኛም ልጆች ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ውስጥ እንደ ትሬንተኑ ያለውን ሥራ ያውቁታል። እናታቸውን ሐኪም ቤት ይዘው ገብተው ያስተረጉማሉ፣ የጎረቤቷን እማማ የመድኃኒት ወረቀት ያነባሉ፣ ለአጎታቸው ቅጽ ይሞላሉ። ስኮላርሺፕ ሲጠይቁ ግን ስለዚህ አንዲት መስመር ሳይጽፉ ቀርተው የሁለት ቅዳሜ ዛፍ ተከላቸውን ይዘረዝራሉ። እንደዚያ ጻፉ ብለን የምንመክራቸውም እኛው ወላጆች ነን።