ጦርነቱ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ቀላል ጥያቄ አቀርባለሁ፤ «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ?» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939። «የጣልያን ጦር መረብን የተሻገረውስ?» ስላቸው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1935 መሆኑን ያለ ስሕተት ይነግሩኛል። በሁለቱ ቀኖች መካከል አራት ዓመት ገደማ አለ። በእነዚያ ዓመታት የሞተው ኢትዮጵያዊ በየትኛው ጦርነት ነው የሞተው? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ቀን ምን ያነታርካል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ጦርነቱ መቼ ተጀመረ ብሎ የሚወስን ወገን፣ ማን ለፍርድ እንደሚቀርብና የማን ደም በከንቱ እንደሚቀርም አብሮ ይወስናል። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አሸናፊዎቹ መንግሥታት የጦር ወንጀለኞችን የሚመረምር ኮሚሽን በ1943 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲያቋቁሙ ኢትዮጵያን አባል አላደረጓትም። ኢትዮጵያ አቤት ስትልም የኮሚሽኑ ሥራ «ያሁኑን ጦርነት» ብቻ የሚመለከት መሆኑ ተነገራት። የሰናፍጭ ጋዙ፣ የካቲት 12፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ሁሉም ከዚያ ቀን በፊት የተፈጸሙ ስለ ሆኑ ከበሩ ውጭ ቀሩ። ከብዙ ሙግት በኋላ ኮሚሽኑ እነ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የአሥር ሰዎች ስም ዝርዝር ተቀብሎ ቢያይም፣ ሥራውን በ1948 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በኢትዮጵያ ላይ በተፈጸመው ወንጀል ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። በዓመቱ ኢትዮጵያ ሁለቱን ሰዎች አሳልፋችሁ ስጡኝ ብላ ጣልያንን ብትጠይቅም እምቢ ተባለች። ግራዚያኒ በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ሲሆን፣ ከእስር የወጣው በወራት ውስጥ ነው።

«ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ነበር» የሚሉ አሉ። እንግዲያውስ የጃፓንን መሪዎች የዳኘው የቶኪዮ ፍርድ ቤት ክሱን ከ1928 እ.ኤ.አ. እንዴት ጀመረ? በማንቹሪያ ላይ የተፈጸመው እንዲቆጠር ቀኑ ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ የእኛ ግን አልተዘረጋም። ምክንያቱን ከሕግ መጽሐፍ ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም። ባዶሊዮ በ1943 ሙሶሊኒ ሲወድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገሩን ከአሸናፊዎቹ ጎን ያሰለፈ ሰው ነበር። አዲስ ወዳጅ ደግሞ በአሮጌ ደም አይጠየቅም።

እዚሁ በምኖርበት ሳንሱሲ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ስንጠጣ ጠንከር ያለ መከራከሪያ አቀረበልኝ። «የእኛ ጦርነት የሁለት አገሮች ጦርነት ነበር፤ የዓለም ጦርነት ሊባል አይችልም» አለኝ። ይህን የሚሉ የታሪክ ምሁራንም ስላሉ መልስ ይገባዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሃምሳ ያህል መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ጣልያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ሲሉ፣ ማዕቀብ ጥለው ነዳጁን ከማዕቀቡ ውጭ ሲያደርጉ፣ የስዌዝም ቦይ ለወራሪው ክፍት ሲሆን ጉዳዩ የሁለት አገር ጠብ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በ1938 እንግሊዝ የጣልያንን ንጉሠ ነገሥት ግዛት በይፋ አወቀች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን ጦርነት ስታውጅባት ግን ያው ግዛት የጠላት ምድር፣ አርበኞቹም አጋር ተባሉ። እነ ራስ አበበ አረጋይ፣ እነ በላይ ዘለቀና እነ ገረሱ ዱኪ ያን ቀን ጠመንጃ አላነሡም፤ ቀድሞም አላስቀመጡትም ነበር። ጦርነቱ ያው፣ ጠላቱም ያው ሲሆን የተለወጠው የለንደን ፍላጎት ነው።

ለክርክሩ ማሠሪያ የሚሆነውን ቃል የጻፉት ግን ራሳቸው አሸናፊዎቹ ናቸው። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 38፣ ጣልያንና ዜጎቿ በኢትዮጵያ ዘንድ ተጠያቂ የሚሆኑት ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው ይላል። ጣልያን ፈርማበታለች። ያው ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተዘረፉ ቅርሶችም በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለሱ አዘዘ። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የተመለሰችው በ2024 ነው። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀማቸውን ያመነው በ1996 ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት።

ይህን ሁሉ በሌላው ላይ ብቻ ጭኖ መሄድ ደግሞ ሐቀኝነት አይሆንም። ሰማዕቶቻችንን በቅጡ አልቆጠርንም። በየካቲት 12 ጭፍጨፋ መንግሥታችን ሠላሳ ሺህ ሰው ሞተ ሲል፣ ኢያን ካምቤል ከብዙ ዓመታት ምርምር በኋላ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ያህል ይላል። በደብረ ሊባኖስ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች 449 ሲሉ፣ ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የየዩኒቨርሲቲዎቻችን የዘወትር ተግባር መሆን ነበረበት። ከባንዳ ጋር ስለ ነበረን ጉዳይም እንዲሁ አፋችንን ይዘናል። ያልተቆጠረ ሙት ለክርክር አይቆምም፤ በስሜት የተጋነነ ቁጥርም ለካጅ በር ይከፍታል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን የተወጋውም የሚረሳ ይመስላል። ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. የመማሪያ መጻሕፍቷን አርማ ከጃፓን ጋር ያደረገችው ጦርነት ከ1937 ሳይሆን ከ1931 እንዲጀምር አድርጋለች። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። ሩሲያውያን ጦርነታቸውን ከ1941 ይቆጥራሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። እኛ ግን ጣልያን ራሷ የፈረመችበት ቀን በእጃችን እያለ የሌላውን ቀን ለልጆቻችን እናስጠናለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሮም ከመሄዱ በፊት ወደ ትምህርት ሚኒስቴርና ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ይመጣል። በመጽሐፋችን ላይ «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት» ከሚለው ርእስ ሥር የመጀመሪያው መስመር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ይሁን፤ ከጎኑም አንቀጽ 38 ይጻፍ። ለዚህ የማንም መንግሥት ይሁንታ አያስፈልገንም።