የእንጨት ክዳን፦ ከቆርቆሮው በላይ ወይስ ከሥሩ?

በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተማረ ሁሉ የሰኔን ዝናብ ያስታውሳል፤ ዶፉ ሲበረታ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ይላል። ስሱ ብረት በእያንዳንዱ ጠብታ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባልና። ቀትር ላይ ደግሞ ያው ክዳን ሙቀቱን በተማሪዎቹ ራስ ላይ ያወርዳል። አዲስ ቆርቆሮ ብርሃንን ቢያንጸባርቅም አንዴ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን በጨረር መልሶ ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ሰነፍ ነው።

ስለዚህ «ወደ እንጨት ክዳን እንመለስ» የሚል ሐሳብ ሲነሣ በከፊል እስማማለሁ። እንጨት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከብረት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ነው፤ ከደረቅ ክብደቱም ግማሽ ያህሉ ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተሠራው የኖርዌይ የቦርጉንድ ቤተ ክርስቲያን እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ እንጨቶች የተከደነ ነው። ጣሪያው ቀጥ ያለ በመሆኑ ውኃ አይተኛበትም፤ እንጨቱም ሬንጅ መሰል የዛፍ ዝፍት ይቀባል። በመጋዝ ከተሰነጠቀው ይልቅ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ የተፈለጠው ክዳን የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ውኃ የሚያስርጉት ቀጫጭን ቧንቧዎቹ አልተቆረጡምና።

ይሁን እንጂ እንጨት ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ኮረብቶች በተነሣው ቃጠሎ 25 ሰዎች ሲሞቱ የእንጨት ክዳኖች እሳቱን ካዛመቱት ምክንያቶች አንዱ ነበሩ። ለእኛ ከዚህ የሚከብደው ግን የጊዜ ስሌት ነው። አንድ ክዳን 30 ዓመት አገልግሎ፣ ዛፉን ለመተካት 90 ዓመት የሚያስፈልግ ቢሆን፣ ለአንድ ክዳን የሚበቃውን ሦስት እጥፍ ደን ማቆም ይጠበቅብናል። የአገራችን ጥድ ደግሞ አዝጋሚ ነው፤ የተረፈውንም ለጣሪያ እንቁረጠው የሚል ሰው ደጋውን ያላየ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቆርቆሮው ዝናቡን ይከልክል፣ እንጨቱ ከሥሩ ይግባ። በጥቂት ዓመታት የሚደርሰው ቀርከሃ፣ ሲዳማና ዶርዜ ቤት ሲሠሩበት የኖሩት፣ ከነቀዝ መከላከያ ተነክሮ ኮርኒስ ቢሆን ጨረሩን ይጋርዳል፤ ጩኸቱንም ይቀንሳል። በመካከሉ አየር የሚተላለፍበት ክፍተት መተው ግድ ነው፤ አለዚያ ሌሊት በቀዘቀዘው ብረት ላይ የሚቋጥረው ጤዛ ቀርከሃውን ያበሰብሰዋል።

የሚጠራጠር ተማሪ ሁለት ቴርሞሜትር ይያዝ፤ አንዱን ኮርኒስ ባለው፣ ሌላውን በሌለው ክፍል ሰቅሎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በየሰዓቱ ይመዝግብ።