ፍላሽና የእንሰት ቢላዋ

በዳምቦያና በአካባቢዋ እንሰት የምታለማ እናት አንድ ነገር ጠንቅቃ ታውቃለች። አጠውልግ የያዘውን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን መንካት የለበትም። ዓይን የማያየው ባክቴሪያ በዚያው ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራልና። ይህችው እናት ግን ልጇ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት የመጣውን ፍላሽ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ምንም ላይመስላት ይችላል። በዚህ ሳምንት ዓምዳችን የምናነሣው የኮምፒዩተር ቫይረስ ስለሚባለው አጥፊ ፕሮግራምና ከቤት ኮምፒዩተር ስለሚወገድበት መንገድ ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ዛሬ በዳምቦያም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና ኮምፒዩተር ያለው ቤተሰብ በውስጡ የሚያኖረው ቀላል ንብረት አይደለም። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሠራተኛዋ እናት የመሥሪያ ቤቷን ሪፖርት፣ አያት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው የላከላቸውን የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ የሚያስቀምጡት እዚያው ነው። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ሲታመም ብዙዎች ወደ ጥገና ቤት ወስደው «ፎርማት አድርግልኝ» ይላሉ። ፎርማት ማድረግ ግን ቫይረሱንም ፎቶግራፉንም ባንድነት መደምሰስ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መድኃኒት ሊሆን አይገባም።

የሕመሙ ምልክቶች ብዙ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ያለ ምክንያት ይዘገያል፤ ያልተጠራ ማስታወቂያ ይደቀናል፤ አንቲቫይረሱ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። በአገራችን በብዛት የሚታየው ግን ፍላሽ ሲከፈት ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው «ሾርትከት» የሚባሉ ትንንሽ ምስሎች መታየታቸው ነው። በዚህ ጊዜ መደንገጥ አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን መጫን ግን ቫይረሱን በገዛ እጅ መቀስቀስ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ማላቀቅ፣ የተሰካውንም ፍላሽ መንቀል። እስኪድን ድረስ በእርሱ ላይ የባንክ ሒሳብ አለመክፈት።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉንና ጽሑፉን ብቻ ለዚሁ በተለየ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ። ፕሮግራሞችን ግን አብሮ መውሰድ አይገባም፤ ቫይረሱ የሚደበቀው በእነርሱ ነውና። ይህም ፍላሽ በአንቲቫይረስ እስኪፈተሽ ድረስ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አይሰካ።

ሦስተኛ፣ በቅርቡ የገቡትንና ማንም የቤተሰቡ አባል የማያውቃቸውን ፕሮግራሞች ማስወገድ።

አራተኛ፣ አንቲቫይረሱን ለማደስ ያህል ብቻ ኢንተርኔቱን መልሶ ማገናኘትና ኮምፒዩተሩን ሙሉ በሙሉ ማስፈተሽ። በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ መግዛት ግድ አይደለም። ሙሉ ፍተሻው ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ቢጀመር ይመረጣል። ግትር ቫይረስ ሲያጋጥም በዚሁ ዲፌንደር ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን መምረጥ ይጠቅማል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሥራ ከመጀመሩ፣ ቫይረሱም ከመንቃቱ በፊት ይፈተሻል። የሚወስደውም 15 ደቂቃ ያህል ነው።

አምስተኛ፣ የኢሜይልና የሌሎች አገልግሎቶችን የምሥጢር ቃል ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ መለወጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ ያን ጊዜ ፎርማት ይደረግ። ባለሙያውንም «ፋይሎቼን በቅድሚያ አስቀምጠህልኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። በነፃ ተሰብሮ የሚታደል ፕሮግራም እንዳይጭንባችሁም አስጠንቅቁት። በሽታው አንዳንድ ጊዜ የሚመለሰው በዚሁ በር ነው።

ወላጆች፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቫይረሱን ያመጣው ልጅ ከተገረፈና ከተሰደበ በሚቀጥለው ጊዜ ያየውን ምልክት ይደብቃል። የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሥር ይሰዳል። ልጁ ቶሎ እንዲናገር የሚያደርገው ቁጣ ሳይሆን የሚያዳምጠው ወላጅ ነው።

ነገሩን በቸልታ ማለፍ የሚያስከትለውን ጉዳት ዓለም በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. አይቷል። «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዱ። የሚገርመው ግን ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ያወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የተጠቁት በአብዛኛው ያላደሱት ነበሩ። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሻገር ይበጃል።

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን አጥፊ ፕሮግራም አውቆ ማሠራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። ሕጉ ግን አጥፊውን ይቀጣል እንጂ የጠፋውን ፎቶግራፍ አይመልስም። ጥበቃው የሚጀምረው ከቤት ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚወጣው ፍላሽ አንድና የተለየ ይሁን፤ ተመልሶ ሲገባም ሳይፈተሽ አይከፈት። የፎቶግራፉና የጽሑፉ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሌላ ሥፍራ ይቀመጥ፤ በወር አንድ ቀንም ይታደስ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ቢላዋዋን በእሳት ሳትለበልብ ወደ ጤነኛው እንሰት የማትሄድ እናት ይህን ጥንቃቄ ለፍላሹም ብታውል፣ የልጇ የብዙ ወራት ድካምና የአያት መጽናኛ የሆነው ፎቶግራፍ በአንድ ቀን ከመጥፋት ይድናል።