ዜብራው ላይ ሰው አለ!

በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ አልነበሩም። እግረኞች ናቸው። በዓመት 400 ገደማ ሰው በመኪና አደጋ በምትቀብር ከተማ፣ ከአራት ሟቾች ሦስቱ ገደማ በእግራቸው ሲሄዱ፣ መንገድ ሲሻገሩ፣ ዳር ቆመው ታክሲ ሲጠብቁ የተገጩ ናቸው። ይህን እያወቅን ለመንጃ ፈቃድ የሚዘጋጀውን ሰው የመንገድ ምልክት የምናስተምረው፣ ምልክቱ የማንን ነፍስ ለመጠበቅ እንደተተከለ አንዲት ቃል ሳንነግረው ነው። ይህ ያንገበግበኛል። በአራት ኪሎ በየቀኑ የሚሻገር ማንም ሰው ሊያንገበግበው ይገባል።

የቲዎሪ ትምህርቱን የተከታተልኩት ከአራት ኪሎ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ማሰልጠኛ ነው። ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። አሰልጣኙ የምልክቶቹን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በእንጨት እየነካካ ያልፋል፤ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን የሚያስጠነቅቅ፣ ክቡ የሚቆጣጠር፣ አራት ማዕዘኑ መረጃ ሰጪ። እኛ ተከትለን እንላለን። ከዚያ የጥያቄና መልሱ ጥራዝ ይወጣል። «ይቺን ያዟት፣ ትመጣለች» ይባላል፤ እስክሪብቶ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ሴት እጇን አውጥታ፣ «ሰው ዜብራው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ እኔ ፍሬን መያዝ የምጀምረው ከስንት ሜትር ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ክፍል ከተነሳው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥያቄ አልሰማሁም። የተሰጣት መልስ፣ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ነበር።

ፈተና ላይ አይመጣም! መንገድ ላይ ግን ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ሰውየውን አይቶ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ድረስ መኪናው ገና ምንም አልቀነሰም፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም ርቀቱ ይረዝማል። የዜብራ ማስጠንቀቂያ ምልክት ከዜብራው ቀደም ብሎ የሚተከለው ለዚህ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰልጣኝ የምልክቱን ስም ሺህ ጊዜ ቢጠራ ምልክቱን አላወቀውም።

እስቲ ስንቱ ሰልጣኝ ነው «ቁም» የሚለው ምልክት ለምን ስምንት ማዕዘን እንደሆነ የተነገረው? «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውስ ለምን ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ ቆመ? ሌላ ምልክት ያንን ቅርጽ እንዳይጋራ ተብሎ ነው። ቀለሙ ቢለቅ፣ ጭቃ ቢሸፍነው፣ ሾፌሩ የአገሩን ፊደል ባይለይ እንኳ ቅርጹ ብቻውን ይናገራል። ከጀርባው የሚያየው አሽከርካሪ እንኳ ከወዲያኛው መንገድ የሚመጣው መኪና የመቆም ግዴታ እንዳለበት ይገነዘባል። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ምልክቶች ቋንቋ ሳይጠይቁ በቅርጽና በቀለም እንዲነበቡ የታሰበበት ነው። ሰልጣኙ ይህን አንዴ ከሰማ አይረሳውም። እኛ ግን ምክንያቱን ቆርጠን ጥለን ስሙን ብቻ እናሸክመዋለን፤ መንጃ ፈቃዱን በተቀበለ ማግስት ስሙም ከራሱ ይጠፋል።

ቢጫ መብራትስ? በቲዎሪ ፈተናው ሁሉም ልክ ይመልሳታል፤ በደህና መቆም የማይቻልበት ርቀት ላይ ካልደረስክ በስተቀር ቁም ማለት ናት። መንገድ ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱ። ቢጫ ስትበራ ነዳጅ ይረገጣል፣ ክላክስ ይጮኻል፣ ቀይ ከበራ በኋላ ሁለትና ሦስት መኪና ተጎትቶ ያልፋል። አረንጓዴዋን አምና እግሯን ያወጣች ልጅ እግሯን መልሳ ትሰበስባለች። ያ ሾፌር መልሱን የማያውቅ አይደለም። ፈተናው ላይ በትክክል መልሶ አልፎ ነው መንጃ ፈቃዱን የያዘው።

ልምድ ያስተምራል የሚሉኝ አሉ። ልምድ ያስተማረውን እያየን እኮ ነው! ልምድ ሚኒባሱን ፌርማታ በሌለበት ያስቆመዋል፤ ልምድ የቤት መኪናውን ዜብራው ላይ ያሳርፈዋል። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በዚህች አገር መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረ። የያኔው ሾፌር ትናንት ትክክል የነበረ ልምዱ ዛሬ ፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር የሚያላትመው ሆነ። እጁ የለመደውን ትቶ ደንቡን እንዲያነብ ተገደደ። ደንብን ማንበብ መነሻው ይሁን፤ ልምድ እሱን ተከትሎ ይምጣ። ተገላቢጦሹን ነው የያዝነው።

ሕግ የለም የሚልም እንዳይኖር። ዜብራ ላይ ላለ እግረኛ ቅድሚያ መስጠት በደንብ ግዴታ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የመንጃ ፈቃዱም አዋጅ፣ ቁጥር 1074/2010፣ ሥልጠናና ፈተናን በሚገባ ይጠይቃል። መንገዱም ቢሆን ተለውጧል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። አደባባዩን ተመልከቱት። የድል ቀኑን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን፣ በሚያስታውሰው ሐውልት ዙሪያ ከፒያሳ፣ ከስድስት ኪሎ፣ ከቀበና፣ ከቤተ መንግሥቱ በኩል የሚመጣው መኪና ይገናኛል። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ፣ ቅድስት ሥላሴ ለመሳም ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ መጽሐፍ አዟሪ፣ ከትምህርት የተለቀቀ ሕፃን እዚያው ይሻገራሉ። አስፋልቱ ላይ ለእነሱ የተቀባው ነጭ መስመር የመንግሥት ቃል ነው። ሾፌሩ ካላከበረው ቃሉ ታጥፏል።

«እግረኛውም እኮ ጥፋተኛ ነው» የሚለው መልስ ሰልችቶኛል። ዜብራ በሌለበት የሚሻገር አለ፣ አዎ፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚሻገርም አለ። ግን አንዱ የተሸከመው ቦርሳ ነው፣ ሌላው የሚያሽከረክረው ከአንድ ቶን በላይ ብረት። ፈቃድ የተጠየቀው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ የተጠየቀበትም ምክንያት ይኸው ነው። አያቶቻችን ጉልበታቸው ደክሞ፣ ዓይናቸው ፈዞ የመሻገር መብት አላቸው። እነሱን ጠብቆ መቆም የማይችል ሰው መሪ መያዝ የለበትም።

ፈተናው መለወጥ አለበት። የቲዎሪው ጥያቄና መልስ በቴሌግራም እየተዘዋወረ፣ ሰልጣኙ ጥያቄውን ሳይጨርስ «መልሱ ሐ ነው» እያለ፣ ያንን የዕውቀት መለኪያ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ብሪታኒያ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈታኙን የመንገድ ቪዲዮ ታሳየዋለች፤ አደጋ ሊፈጠር መሆኑን ባየበት ቅጽበት እንዲጫን ትጠይቀዋለች፤ ዘግይቶ ያየ ነጥብ ያጣል። እኛም ኮምፒውተር አለን፣ ካሜራ አለን፣ አራት ኪሎ አለን። ከአደባባዩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተቀረጸ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ስንት ጥያቄ ይወጣዋል! መብራቱ ቀይ ሆኖ ትራፊክ ፖሊሱ እለፍ ሲል የማንን ትታዘዛለህ? ሚኒባስ ዜብራው አጠገብ ቆሞ ከፊቱ የሚሻገረውን ሲሸፍንብህ ምን ታደርጋለህ? ይህኛው ጥያቄ ስንት ሕፃን ባዳነ!

ሰልጣኙ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ከአሰልጣኙ ጋር በእግሩ ይውጣ። ከሐውልቱ ተነስቶ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይውረድ፣ ተመልሶ ይውጣ፤ እያንዳንዱን ዜብራ ይሻገር፣ ያየውን ምልክት ሁሉ ትእዛዙ ለማን እንደሆነ ይናገር። ወጪ የለውም፤ ጫማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጊዜ የለም የሚል ማሰልጠኛ ጥራዝ ለማሸምደድ ያገኘውን ጊዜ ለዚህ ያውለው።

የተግባር ፈተናውም ከተዘጋ ሜዳ ይውጣ። እኔ ባየሁት ፈተና ትልቁ ጭንቀት በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ መግባት ነበር፤ እንጨት የነካ ይወድቃል። በሜዳው ላይ አንድም የሚሻገር ሰው አልነበረም። የአዲስ አበባ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ለከተማዋ አንድ ነገር ያድርግላት። ተፈታኙን ሰው ያለበት መንገድ ላይ ያውጣው፤ እግረኛ ዜብራው ላይ እያለ ያለፈ ተፈታኝ ፓርኪንጉ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ቦታ ላይ ከመኪናው ይውረድ፣ ቁልፉንም ለፈታኙ ያስረክብ።