ሳይቃጠል በቅጠል፦ አሮጌ ሥርዓት በአዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ

በቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል የመለኪያ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። መሣሪያውን የሚያዘው ሶፍትዌር ለዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ በተበላሸ ዕለት ጤነኛው መሣሪያም አብሮ ሥራ ይፈታል። አዲስ ዲስክ ገዝቶ መግጠም ቀላል ነው፤ አሮጌውን ሥርዓት በላዩ ላይ መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ የተዘጋጀው ለአይዲኢ ዲስኮች ነበር። ባዮሱ የሳታን ዲስክ በኤኤችሲአይ ስልት ሲያቀርብለት ድራይቨሩ ስለሌለው ዲስኩን አያውቀውም፤ ጭነቱም ይቋረጣል። መፍትሔው በባዮሱ ውስጥ ስልቱን ወደ አይዲኢ መለወጥ ነው፤ ይህ ምርጫ ከሌለ ደግሞ ተስማሚውን ድራይቨር በፍሎፒ ማቅረብ ወይም አስቀድሞ በመጫኛው ሲዲ ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ የለውም። የዲስክ ሴክተር ለረጅም ዘመን 512 ባይት ነበር፤ ከ2011 ገደማ ጀምሮ ግን አምራቾች ባለ 4096 ባይት ሴክተርን አስፋፍተዋል። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን የሚጀምረው ከሴክተር ቁጥር 63 ነው፤ 63 ደግሞ ለ8 ያለ ቀሪ አይካፈልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ 4 ኪሎባይት የመረጃ ክፍል በሁለት እውነተኛ ሴክተሮች ላይ ያርፋል፤ አንዱን ክፍል ለመጻፍ ዲስኩ ሁለቱንም አንብቦ መልሶ መጻፍ ይገደዳል። ሥርዓቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ያዘግማል። ፓርቲሽኑን በአዲስ ፕሮግራም ከሴክተር 2048 አስጀምሮ ኤክስፒን በዚያ ላይ መጫን ችግሩን ያስወግዳል።

ማይክሮሶፍት ድጋፉን አፕሪል 8 ቀን 2014 ያቋረጠበትን ሥርዓት ማስታመም ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ለጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ከሆነ እኛም እንስማማለን። በመለኪያ መሣሪያ ረገድ ግን ኤክስፒን መተው መሣሪያውን ራሱን መጣል ሊሆን ይችላል፤ የውጭ ምንዛሪ በሚቸግርበት አገር ደግሞ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

በእኛ እምነት ሶፍትዌሩ የመሣሪያው አካል ተደርጎ መቆጠር አለበት። ዲስኩ በሕይወት ሳለ ሙሉ ቅጂው ይወሰድ፤ ቅጂው በአዲስ ዲስክ ላይ ሲመለስ የፓርቲሽኑ መነሻ ይስተካከል። መጫኛ ሲዲዎቹ፣ ድራይቨሮቹና የፈቃድ ቁጥሮቹ በንብረት መዝገብ ይስፈሩ። ኮምፒዩተሩም ከኢንተርኔት ይነጠል። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ እነዚህን ሁሉ ማስረከብ በውሉ ላይ የሻጩ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን የተመራቂ ተማሪን የምርምር ዓመት ሊበላ ይችላል።