የነጋዴው መዝገብ ሲበላሽ የትኛው ጥቅል ይታደገዋል?

በወላይታ ሶዶ ገበያ የነጋዴው ንብረት በመጋዘን ከተከማቸው ቡና፣ ቦሎቄና ዝንጅብል ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደ፣ ማን ስንት ብር እንደቀረበት፣ የትኛው ደረሰኝ ለማን እንደተቆረጠ የሚያሳየው መዝገብም ንብረት ነው። ይህ መዝገብ ቀደም ሲል በደብተር ላይ ይሰፍር የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ግን በበርካታ ነጋዴዎች ዘንድ በኤክሴል፣ በፒችትሪና በስልክ በተነሳ ፎቶግራፍ መልክ ኮምፒዩተርና ፍላሽ ውስጥ ገብቷል።

በሁለቱ አያያዝ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ደብተር ውሃ ቢፈስበት የሚጠፋው የረጠበው ገጽ ነው። ታምቆ በአንድ ጥቅል የተቀመጠ ፋይል ግን ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ቢበላሽ እንኳ ጭራሽ አልከፈትም ሊል ይችላል። ነጋዴው ወይም የሂሳብ ሠራተኛው ጥቅል ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው “የትኛው የበለጠ ያሳንስልኛል?” ብሎ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን “የተበላሸ ዕለት የትኛው ይጠገናል?” ብሎ ነበር።

ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ የሂሳብ ሰነዶቹን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድደዋል። ሰነዱን ማቅረብ ያልቻለ ነጋዴ ግብሩ በግምት ሊወሰንበት ይችላል። በዱቤ የወሰደ ደንበኛም ቢሆን ማስረጃው መጥፋቱን ሲሰማ የማስታወስ ችሎታው ይቀንሳል።

ፋይልን ቆራርሶ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። 1.44 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ዲስኬት በነበረበት ዘመን አንድ ትልቅ ፋይል በአሥርና በሃያ ዲስኬት ተከፋፍሎ ይጓዝ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ዲስኬት አልነበብ ካለ የሌሎቹ መድረስ ብዙም ዋጋ አልነበረውም። ዛሬ ዲስኬት ቢቀርም ምክንያቱ አልቀረም። በፋት 32 ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም። ቴሌግራምም ለተራው ተጠቃሚ በ2 ጊጋባይት ላይ ያቆማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ከሶዶ አዲስ አበባ ፋይል ለመላክ የቀረው መንገድ ፍላሹን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው በአደራ መስጠት ነበር።

የብልሽቱ ምንጭም ብዙ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኃይል መሸጥ ከተጀመረበት ወዲህ ሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ትልልቅ መስመሮች ከከተማው መነሳታቸው የሱቁ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ፋይል በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ወይም ፍላሹ ቀድሞ ከተነቀለ ጥቅሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ርካሽ ፍላሽም ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ የያዘውን ሊረሳ ይችላል።

እንግዲህ በገበያው ላይ የሚታወቁትን ጥቅሎች በዚህ ሚዛን ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዚፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፊል ካትዝ በተባለው አሜሪካዊ የተዘጋጀ ሲሆን በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። ዚፕ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ስለሚያምቅ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል። የይዘት ዝርዝሩ ከጥቅሉ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ግን ጭራው የተቆረጠ ዚፕ በተራ ፕሮግራም አይከፈትም። በመጠገኛ ፕሮግራም የተረፈውን ማውጣት ይቻል ይሆናል። ዚፕ ብልሽት መኖሩን ይናገራል፤ የተበላሸውን ግን መልሶ አይሠራም።

ሁለተኛው ሰቨን ዚፕ ነው። ኢጎር ፓቭሎቭ የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ይህ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። የራሱ ጥቅል ከዚፕ ይበልጥ ያሳንሳል። የሚያሳንሰው ግን ብዙ ፋይሎችን እንደ አንድ ገመድ አያይዞ በማመቅ ጭምር ስለሆነ አንድ ቦታ የደረሰ ብልሽት ከኋላ ያሉትን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በወላይታ የደረሰውን ጉዳት የሚያስታውስ ነጋዴ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ በሽታው በአንድ ጥግ ከገባ ማሳውን ያዳርሰዋል። ሰቨን ዚፕ ጥቅሉን ቆራርሶ ማስቀመጥ ይችላል፤ የጠፋ ቁራጭ የሚተካበት ማገገሚያ ግን የለውም።

ሦስተኛው ራር ነው። ዩጂን ሮሻል የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ይህ ጥቅል “የማገገሚያ መዝገብ” የሚባል ተጨማሪ መረጃ በውስጡ መያዝ ይችላል። ከተቆራረጠ ደግሞ የጠፉ ቁራጮችን የሚተኩ ማገገሚያ ቁራጮችን ለብቻ ያዘጋጃል። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚገኘው ተጠቃሚው አስቀድሞ ሲመርጠው ነው። ምርጫውን ያልነካ ሰው ማገገሚያ የሌለው ራር ይዞ ይሄዳል።

አራተኛው ፓር 2 የተባለው ሲሆን ጥቅል ሳይሆን የጥቅል ዋስ ነው። ዚፕም ሆነ ሰቨን ዚፕ፣ ወይም ያልታመቀ ፎቶግራፍ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ የጎደለውን ይሞላል። መልቲፓር በተሰኘ ነፃ ፕሮግራም ይዘጋጃል።

የጠፋው እንዴት ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነጋዴው በየቀኑ የሚሠራው ስሌት ነው። የሦስት ቀን ሽያጭ 4,200፣ 3,850 እና 5,100 ብር ነው እንበል። ድምሩ 13,150 ይሆናል። የሁለተኛው ቀን ቁጥር ቢፋቅ ከድምሩ ላይ የቀሩትን 9,300 በመቀነስ 3,850 መሆኑ ይታወቃል። አንድ ድምር አንድ የጠፋ ቁጥር ይመልሳል። ሁለትና ከዚያ በላይ የጠፉ ቁጥሮችን ለመመለስ ከዚህ የረቀቀ ስሌት ያስፈልጋል። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎመን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት ዘዴ ይህንን ይሠራል። የአሁኑ ራርም ሆነ ፓር 2 የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። በሱቅ ግድግዳ ላይ ለክፍያ የተለጠፈ ኪው አር ኮድ ጥጉ ተፍቆም ቢሆን የሚነበበው በዚሁ ዘዴ ምክንያት ነው።

ወጪው ሲሰላ የሚከብድ አይደለም። 600 ሜጋባይት የሚመዝን የአንድ ዓመት ሰነድ በአሥር ቁራጭ ቢከፈል እያንዳንዱ 60 ሜጋባይት ይሆናል። ሁለት ማገገሚያ ቁራጮች ሲጨመሩበት ጠቅላላው 720 ሜጋባይት ይደርሳል። ከአሥሩ የትኞቹም ሁለቱ ቢጠፉ ወይም ቢበላሹ መልሶ ማግኘት ይቻላል። 120 ሜጋባይት ለ32 ጊጋባይት ፍላሽ ምንም ማለት አይደለም። ነገሩ ከእድር መዋጮ አይለይም፤ ችግር ከመድረሱ በፊት በጥቂት በጥቂቱ ይከፈላል፣ ከደረሰ በኋላ መዋጮ ልጀምር ማለት ግን አይሠራም።

“ይህን ሁሉ ከማድረግ ሁለት ኮፒ መያዝ አይሻልም ወይ?” የሚሉ ይኖራሉ። አባባላቸው ትክክል ነው፤ ማገገሚያ የኮፒ ምትክ አይደለም። ፍላሹ ከተሰረቀ ወይም ሱቁ ከተቃጠለ በውስጡ ያለው ማገገሚያም አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን ሁለት ኮፒዎች ሁለቱም በተለያየ ቦታ ሊጎዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰነዱን የሚያተርፈው ማገገሚያው ነው። ሁለቱን ማጣመር እንጂ አንዱን በሌላው መለወጥ አያዋጣም።

ራርን በሚመለከት ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የሚሸጥ እንጂ በነፃ የሚታደል አይደለም። ሁለተኛ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አሮጌ ኮፒ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዊንራር ውስጥ ለ19 ዓመታት ያህል የቆየ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆኗል። በ2023 እና በ2025ም ሰርጎ ገቦች የተጠቀሙባቸው ሌሎች ክፍተቶች ተገኝተዋል። ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ ስለማያድስ አዲሱን ማስገባት የተጠቃሚው ፋንታ ነው።

በመሆኑም ለሶዶ፣ ለአረካና ለቦዲቲ ነጋዴ የሚያዋጣው አሠራር ይህ ነው። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ ለሚላክ ሰነድ ከማገገሚያ ቁራጮች ጋር የተከፋፈለ ራር ይሻላል። ለዓመታት ለሚቀመጥ ሰነድ በየትኛውም ኮምፒዩተር የሚከፈተው ዚፕ፣ ቢያንስ አሥር በመቶ ከሚሆን ፓር 2 ጋር ይመረጣል። የሰቨን ዚፕን ጥቅል የሚመርጥም ያለ ፓር 2 አያስቀምጠው። ጥቅሉ ከተሠራ በኋላ “ቴስት” የሚለውን ትዕዛዝ ሳያስኬዱ ዋናውን ፋይል መሰረዝ አይገባም። አንዱ ኮፒ በሱቅ ከሆነ ሌላው በቤት ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜም ሁለቱም ተከፍተው ይታዩ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ፍላሹ አልከፈትም ካለ በኋላ ወደ ጥገና ቤት መሮጥ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጠጋኙ ፍላሹን ከፍቶ የተረፈውን ያወጣ ይሆናል፤ አስቀድሞ ያልተቀመጠ ማገገሚያ ግን ከየትም አያመጣም።